ሌሊት ማን አለ? የመጠጥ ሱስ ሕክምና በባሕር ዳር ሲመዘን

ባሕር ዳር ውስጥ አንድ ቤተሰብ «ወንድማችንን ከመጠጥ የሚያላቅቅ ቦታ ጠቁሙን» ብሎ ሲጠይቅ የሚያገኘው ምክር ብዙ ጊዜ ከአራት አያልፍም። ሆስፒታል ውሰዱት፣ ክሊኒክ ሄዶ ግሉኮስ ይሰካለት፣ አዲስ አበባ ማገገሚያ አስገቡት፣ ጠበል ይግባ። አራቱንም እዚህ እንመዝናለን። የሕንፃው ፎቅና የአንሶላው ንጣት በሚዛናችን ውስጥ የሉም። የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ ሰውየው መጠጥ ባቆመ በሁለተኛው ሌሊት አጠገቡ ማን አለ? በሦስተኛው ወርስ የሚከታተለው ማን ነው?

ሁለተኛው ሌሊት የሚያስፈራበት ምክንያት አለ። አልኮል አእምሮን ያደነዝዛል፤ በየቀኑ የሚደነዝዝ አእምሮ ደግሞ ሥራውን ላለማቆም ራሱን ወጥሮ ይይዛል። መጠጡ በአንድ ቀን ሲነሣ ውጥረቱ ብቻውን ይቀራል። ማታ 4 ሰዓት ላይ የመጨረሻዋን መለኪያ የጨለጠ ሰው ጠዋት ቡና ሲቀርብለት ሲኒው ከማስቀመጫው ጋር እየተጋጨ ይንቀጫቀጫል፤ ያልበዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ልቡ ይመታል። ከ12 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚጥል በሽታ ኖሮበት የማያውቅ ሰው ድንገት ወድቆ ሊንፈራገጥ ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ ዋናው አደጋ ሊመጣ ይችላል፦ ቀኑን ከሌሊት አይለይም፣ ግድግዳው ላይ ጉንዳን ሲርመሰመስ ያያል፣ የሌለ ሰው ያናግራል፣ የጋቢውን ጥለት በጣቱ እየለቀመ ይጥላል፣ ትኩሳቱ ይጨምራል። ይህ ደረጃ ካልታከመ ሊገድል ይችላል።

በዓመት ውስጥ ይህ ሊያጋጥም ከሚችልባቸው ሳምንታት አንዱ የዐቢይ ጾም መግቢያ ነው። በቅበላ ሳምንት ከወትሮው አብልጦ የጠጣ ሰው እሑድ ማታ ያቆምና ሰኞ ጾሙን ይይዛል። ማክሰኞ ይወድቃል። ረቡዕ ሲቃዥ ደግሞ ጎረቤት «ለከፈው» ይላል። ሲወድቅ ክብሪት ለኩሶ ማሽተት፣ ጥርሱ መካከል ማንኪያ ማስገባት፣ እጅና እግሩን አፍኖ መያዝ ጉዳት እንጂ ጥቅም የላቸውም። በጎኑ አስተኙት፣ ከራሱ ሥር ልብስ አድርጉለት፣ ሰዓት ያዙ፣ ባጃጅ ጥሩና ድንገተኛ ክፍል አድርሱት።

ሁሉም ጠጪ እዚህ ደረጃ ላይ ነው ማለት አይደለም። መጠኑን በግራም ማስላት ይረዳል። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ 5 በመቶ ቢራ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለው። 40 ሚሊ ሊትር የምትይዝ አንድ መለኪያ አረቄ፣ ጥንካሬው 40 በመቶ ከሆነ፣ ከዚያው ጋር እኩል ናት። ሩብ ሊትር የሚይዝ ብርሌ ሙሉ ጠጅ በ10 በመቶ ሲሰላ 20 ግራም ይጠጋል። የቤት መጠጥ ጥንካሬ ከጠማቂ ጠማቂ ይለያያል፤ ዳግም አረቄ ደግሞ ከተራው ይበረታል። ስለዚህ «ሁለት መለኪያ ብቻ ነው የምጠጣው» የሚል ሰው መለኪያው ምን ያህል እንደሚይዝና አረቄው የማን እንደሆነ ካልተናገረ ምንም አልነገራችሁም። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ባለ 10 ጥያቄ መጠይቅ ከ40 ነጥብ ይታረማል፤ 8 እና ከዚያ በላይ አሳሳቢ ነው፣ 20 እና ከዚያ በላይ የጥገኝነት ምልክት ሆኖ ስለሚወሰድ ሙሉ ምርመራ ይፈልጋል። ጤና ጣቢያም ቢሆን ይህን በአሥር ደቂቃ መሙላት ይቻላል። ሳይጠይቅና ሳይመዝን በቀጥታ መድኃኒት የሚጽፍ ባለሙያ ከገጠማችሁ ያ የመጀመሪያው መጥፎ ምልክት ነው።

ወደ ቦታዎቹ እንምጣ። ከተማዋ ሁለት ትልልቅ የመንግሥት ሆስፒታሎች አሏት፦ ፈለገ ሕይወት ከተማው ውስጥ፣ ጥበበ ጊዮን ደግሞ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የማስተማሪያ ሆስፒታል ሆኖ በአዴት መንገድ ከከተማው ወጣ ብሎ። ሁለቱም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። በእኛ ሚዛን ለመጀመሪያው ሳምንት ከሁሉም የሚበልጠው ይህ የሆስፒታል መንገድ ነው፤ ምክንያቱም ድንገተኛ ክፍሉ ሌሊትም ክፍት ነው፣ የውስጥ ደዌ ሐኪሙ በዚያው ግቢ ነው፣ ላቦራቶሪ አለ። ብዙ የጠጣ ሰው ከመንቀጥቀጡ ሌላ ጉበቱ የተጎዳ፣ ጨጓራው የሚደማ፣ ሰክሮ ወድቆ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም የቋጠረ ሊሆን ይችላል። እነዚህን ለይቶ የማያይ ቦታ አልጋው ቢደላም ለዚያ ሳምንት አይሆንም።

የመንግሥት ሆስፒታል ድካሙም የታወቀ ነው፦ ሰልፍ፣ ከመደርደሪያ የሚጠፋ መድኃኒት፣ ለአንድ ሰው የሚደርሰው የምክር ጊዜ ማጠር። ግማሹን ግን በአገባብ ማቃለል ይቻላል። የሚንቀጠቀጥ፣ የሚያልበው ወይም የሚቃዥ ሰው የአእምሮ ተመላላሽ ክፍል ወረፋ ላይ አይቀመጥም፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው የሚሄደው። እዚያም «አሞታል» አትበሉ። «በየቀኑ ይህን ያህል አረቄ ይጠጣል፣ የመጨረሻው ትናንት ማታ 4 ሰዓት ነው፣ አምና ሲያቆም ወድቆ ነበር» በሉ። ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ሰውየው ስንተኛ እንደሚታይ ይቀይራል። በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የምትታከሙ ከሆነ ድንገተኛ ላልሆነው ጉዳይ ከጤና ጣቢያ ሪፈር ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፤ ያለ ሪፈር የገባ ሰው ሙሉ ክፍያ ሊጠየቅ ይችላል።

ተኝቶ ሲታከም ጥሩ ሕክምና ከአልጋው ጠርዝ ይታያል። ነርሷ ሲዋ የሚባለውን የምልክት መለኪያ ይዛ በየጥቂት ሰዓቱ ትመለሳለች። እጁን ዘርግቶ ጣቶቹን እንዲከፍት ትጠይቀዋለች፣ ላቡን ታያለች፣ የት እንዳለና ምን ቀን እንደሆነ ትጠይቀዋለች። መለኪያው 10 ጥያቄ አለው፣ ጣሪያው 67 ነው፤ ከ10 በታች ሲሆን ቀላል ይባላል። የመድኃኒቱ መጠን ከዚህ ቁጥር ጋር ይወጣል ይወርዳል። ዋናው መድኃኒት ዲያዜፓም የሚባለው ማረጋጊያ ነው። የተለመደው አሰጣጥ በመጀመሪያው ቀን 10 ሚሊ ግራም በቀን አራት ጊዜ አካባቢ ጀምሮ ከ5 እስከ 7 ቀን ውስጥ እየቀነሱ ማቆም ሲሆን፣ ለአዛውንትና ጉበቱ ለተጎዳ ሰው በጣም ይቀነሳል። እነዚህን ቁጥሮች የጻፍነው የተሰጠውን እንድትጠይቁበት ነው። ቤት ውስጥ አትስጡበት፤ ዲያዜፓም ከአረቄ ጋር ሲደመር ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል።

ስለ ቫይታሚን ቢ-1 ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ጥፋት የሚደርሰው እዚህ ላይ ነውና። ጠጪ ሰው እህል አይበላም፣ የበላውንም አንጀቱ በደንብ አይወስድለትም፣ ስለዚህ ቢ-1 ያልቅበታል። ይህ ቫይታሚን ስኳርን ወደ ጉልበት ለመቀየር ያስፈልጋል። ቢ-1 በሌለው ሰውነት ላይ ግሉኮስ ሲፈስ የቀረችው ጥቂቷ በአንዴ ትቃጠላለች፤ አእምሮው ሊጎዳ ይችላል። ዓይኑ ይንቀዠቀዣል ወይም አንድ አቅጣጫ ማየት ያቅተዋል፣ እግሩን አራርቆ እየተንገዳገደ ይሄዳል፣ ግራ ይጋባል፤ ሳይጠጣ የሰከረ ይመስላል። በጊዜ ካልተደረሰበት የማስታወስ ችሎታው ለዘለቄታው ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ቢ-1 ከግሉኮሱ በፊት ወይም አብሮ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በመርፌ ይሰጣል። ጉዳቱ ከተጠረጠረ መጠኑ በአንድ ጊዜ ከ200 እስከ 500 ሚሊ ግራም፣ በቀን ሦስት ጊዜ ድረስ ይደርሳል፤ በአንዲት የቢ ኮምፕሌክስ እንክብል የሚተካ አይደለም።

እንግዲህ ያ «ግሉኮስ ይሰካለት» የሚባለው የክሊኒክ አገልግሎት እዚህ ላይ ይወድቃል። ለአንድ ሌሊት ስካር ውኃ መተካት ምንም አይደለም። በየቀኑ ለሚጠጣ ሰው ግን ያለ ቢ-1 ግሉኮስ ሰክቶ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ «ተሽሎሃል» ብሎ ወደ ቤቱ መሸኘት ገንዘብ ተቀብሎ አደጋውን ወደ ሌሊቱ ማስተላለፍ ነው። ሌሎች ሁለት ስሕተቶችም በየቦታው ይታያሉ። አንደኛው ለሚቃዥ ሰው ሃሎፔሪዶል የተባለውን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ብቻውን መውጋት ነው፤ ለመውደቅ ይበልጥ ያጋልጠዋል። ሁለተኛው ከመጠጥ ማቆም የመጣን መንፈራገጥ በፌኒቶይን፣ ማለትም በሚጥል በሽታ መድኃኒት፣ ለመከላከል መሞከር ነው፤ ለዚህ ዓይነቱ አይሠራም።

ይህ ማለት የግል ክሊኒክ ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። የአእምሮ ሐኪም ወይም ሳይኮሎጂስት ያለበት የግል ክሊኒክ ለተመላላሽ ክትትል ከሆስፒታሉ ይሻላል ብለን እናምናለን፤ ቀጠሮው በሰዓት ነው፣ ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ መነጋገር ይቻላል። ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ከተማ ለመምህሩ፣ ለሾፌሩ፣ ለመሥሪያ ቤት ሰው የካርድ ክፍል ሰልፍ ላይ አለመታየትም ትልቅ ነገር ነው። በሩ ላይ የተለጠፈውን የሥራ ፈቃድ አንብቡ፤ የባለሙያውን ማዕረግ በግልጽ ጠይቁ። «ካውንስለር» የሚለው ቃል ሁሉንም ያቅፋል፤ መድኃኒት የሚያዘውና ምክር የሚሰጠው ማን ማን እንደሆኑ ተለይቶ ይነገራችሁ። ሌሊት ሐኪም ከሌለ ደግሞ የመጀመሪያው ሳምንት እዚያ አይሆንም፤ ከሆስፒታል ሲወጣ ይምጣ።

ቤት ሆኖ ማቆም የሚቻለው መቼ ነው? ከዚህ በፊት ሲያቆም ወድቆ ወይም ቃዥቶ የማያውቅ፣ ሌላ ከባድ ሕመም የሌለበት፣ ምልክቱ ቀላል የሆነ፣ ቤት ውስጥ የማይጠጣና መድኃኒቱን ቆልፎ በሰዓቱ የሚሰጥ ሰው ያለው ከሆነ፣ ሐኪሙን በየቀኑ እየታየ ይቻላል። የሰባት ቀኑ ዲያዜፓም በሙሉ በአንድ ቀን ለታማሚው እጅ ከተሰጠ ያ ክትትል አይደለም። እርጉዝ ሴት ግን በቤቷ አታቁም። ሴቶችን ካነሣን፣ አረቄ እያወጣች ወይም ጠላ እየሸጠች የምትኖር እናት ስትቀምስ ስትቀምስ ጥገኛ ብትሆን ቤተሰቡ «ሥራዋ ነው» ብሎ ያልፋታል፤ ወደ ሕክምና የምትመጣው ብዙ ጊዜ ሆዷ ውኃ ከቋጠረ በኋላ ነው።

ጠበሉን በንቀት የሚያልፍ ሐኪም ታማሚውን ያጣዋል። የሱባኤ ጥንካሬ የሚካድ አይደለም፦ ከአረቄ ቤቱ ያርቃል፣ ሌሊት ያስነሣል፣ ቀኑ ሥርዓት ይይዛል፣ ብቻውን አይሆንም። ከሕክምናው ዕቅድ ውስጥ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቀውን ይህን ክፍል ጠበል ቦታ በነፃ ይሰጣል። የሚያጣላው ቅደም ተከተሉ ነው። ትናንት ሲጠጣ ያደረ ሰው ዛሬ በባዶ ሆዱ ቀዝቃዛ ውኃ ሲወርድበትና እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበላ ሲቆይ ስኳሩም የሰውነቱ ውኃም ያንሳል። በሁለተኛው ቀን ሲወድቅም ሲቃዥም እንደ መንፈስ ስለሚታይ ይታሰራል እንጂ ሐኪም አያየውም። የመጀመሪያውን ሳምንት በሕክምና ጨርሶ፣ መድኃኒቱን በቦርሳ ይዞ፣ አብሮት የሚያድር ሰው ለይቶ ወደ ሱባኤ ቢገባ ሁለቱ አይጋጩም። መድኃኒት ጣል የሚል ወይም ሰው በሰንሰለት የሚያስር ቦታ ከሆነ ሌላ ፈልጉ፤ ጣና ዙሪያ ጠበል ሞልቷል።

አዲስ አበባ ያሉ የግል ማገገሚያዎችን በስም ማወዳደር አንፈልግም፤ የሠራተኛና የአያያዝ ለውጥ በየጊዜው አለ። ጥያቄዎቹ ግን አይለወጡም። ከመክፈላችሁ በፊት ስልክ ደውሉና ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ቢወድቅ ማን እንደሚያየው፣ ወደየትኛው ሆስፒታል እንደሚወሰድ ጠይቁ። «ነርስ አለ» ከተባለ ዲያዜፓምና ቢ-1 በመርፌ እንዳለው ጠይቁ። በፈቃዱ ነው የሚገባው ወይስ አስገድደው ይዘው ይሄዳሉ? ስልክ ይፈቀድለታል? ክፍያው መድኃኒትና ምርመራን ይጨምራል? ካቋረጠ ዲፖዚቱ ይመለሳል? ከሁሉም በላይ ግን ወደ ባሕር ዳር ሲመለስ ለማን ደብዳቤ ይጽፋሉ? የማገገሚያው ግቢ ውስጥ ማንም አይጠጣም፤ ፈተናው ቤቱ ሰፈር ነው። የመውጫ ደብዳቤ የማይጽፍ ማገገሚያ ወሩን ሙሉ ቢያስተምረውም ግማሽ ሥራ ነው የሠራው። አዲስ አበባ ወዳለው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል፣ ወደ አማኑኤል፣ ሪፈር የሚጻፍላቸውም አሉ፤ ከባድ የአእምሮ ሕመም አብሮ ላለበት ሰው ተገቢ ነው። ጉዞውም ይታሰብበት። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ትናንት መጠጥ ያቆመን ሰው አውቶብስ ላይ አሳፍሮ መላክ ዓባይ በረሃ ላይ እንዲወድቅ መፍቀድ ነው። መጀመሪያ እዚሁ ይረጋጋ።

ከሰባተኛው ቀን በኋላ ሰውየው ይበላል፣ ይተኛል፣ ፊቱ ይመለሳል፤ ቤተሰቡም «ዳነ» ይላል። አብዛኛው ሕክምና የሚከሽፈው እዚህ ነው። ፍላጎቱን የሚቀንሱ መድኃኒቶች አሉ። ናልትሬክሶን ብዙ ጊዜ በቀን አንድ 50 ሚሊ ግራም ነው፤ ከመጀመሩ በፊት ጉበት ይመረመራል፣ ትራማዶል የተባለውን የሕመም ማስታገሻ የሚወስድ ሰው ደግሞ ከ7 እስከ 10 ቀን ካላቆመ አይጀምረውም። አካምፕሮሴት 666 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ ነው፤ ጉበትን አያስቸግርም፣ ኩላሊት ግን ይታያል። የዓለም ጤና ድርጅት ሁለቱን በ2023 እ.ኤ.አ. ወደ መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገብቷቸዋል። ማዘዣው ከመጻፉ በፊት የትኛው ፋርማሲ እንዳለውና ለስንት ወር እንደሚበቃ አጣሩ፤ በሁለተኛው ሳምንት የሚቋረጥ መድኃኒት አይጀመርም።

ሰውየው ከጠጣ እንዲያመው የሚያደርገው ዳይሰልፊራም ግን የራሱ ጣጣ አለው። ከመጠጥ ጋር ሲገናኝ ፊት ይቀላል፣ ልብ ይመታል፣ ያስመልሳል፣ አንዳንዴም ደም ግፊት ወርዶ ሕይወት ያሰጋል። ከመጨረሻው መጠጥ ቢያንስ 12 ሰዓት ሳያልፍ አይጀመርም፤ ከቆመም በኋላ እስከ ሁለት ሳምንት ድረስ ያጠቃል። ጠላው ይቅርና ቅራሪ ያስቸግራል፤ ትናንት የተበረዘና ያደረ ብርዝም እንዲሁ። ሜትሮኒዳዞል የተባለው ፀረ ተሕዋስ መድኃኒትም አብሮ አይወሰድም። አንዳንድ ቤተሰብ ፈጭቶ በወጥ ውስጥ ይሰጣል፤ ይህ ሕክምና አይደለም፣ ሰው መመረዝ ነው። «ሳያውቅ ስጡት» ብሎ የሚመክር ባለሙያ ካገኛችሁ ደብተሩን ዘግታችሁ ውጡ።

ምክሩ ላይ ደግሞ የባሕር ዳርን ኑሮ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ዘጌ ላይ ጌሾው ከቡናው ጎን ለጎን በሚበቅልበት አገር «መጠጥ ያለበት አትሂድ» ማለት ማኅበር፣ ተዝካርና ሠርግ ተው ማለት ነው። ጥሩ አማካሪ የሚመጣውን ወር በዓላት አንድ በአንድ ያስቆጥራል፦ ሚካኤል ማኅበር ማን ቤት ነው፣ ማን አጠገብ ትቀመጣለህ፣ ጽዋው ሲዞር ምን ትላለህ፣ በስንት ሰዓት ትወጣለህ? «መድኃኒት ጀምሬያለሁ» የሚለው ቃል በእኛ አገር ከሁሉ በላይ ይሠራል፤ ማንም አይጫንም። ጫት የሚቅም ከሆነ ደግሞ ጨብሲው ሳይነሣ መጠጡ አይነሣም፤ ምርቃናውን ለማብረድ የሚጠጣን ሰው ስለ አረቄ ብቻ ማማከር አንዱን እግር አስሮ ሌላውን መልቀቅ ነው። ቀጠሮው በመጀመሪያው ወር በየሳምንቱ፣ እስከ ሦስተኛው ወር በየሁለት ሳምንቱ፣ ከዚያ በየወሩ ቢሆን ተገቢ ነው። ቀጠሮ የቀረን ሰው ስልክ ደውሎ የሚፈልግ ክፍል ካገኛችሁ፣ ወንበሩ የተሰበረ ቢሆንም ያዙት።

ለመጀመሪያው ቀን የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው በፌስታል ያዙ፤ የቲቢ መድኃኒት ካለ በተለይ፣ ጉበት ላይ ስለሚደራረብ። የድሮ የላቦራቶሪ ወረቀት፣ የመድን ደብተር፣ ሪፈር፣ ነጠላ ጫማና ጋቢ፣ ለውጥ ልብስ፣ ሌሊት የሚያድር አስታማሚና ቀን የሚተካው ሌላ ሰው ያስፈልጋሉ። የጉበት ምርመራ ሲታዘዝ የጉበት ቫይረስ ቢም አብሮ እንዲታይ ጠይቁ። አንዲት ወረቀት ላይም በየቀኑ የሚጠጣውን ዓይነትና መጠን፣ ከዚህ በፊት ሲያቆም የሆነውን ጻፉ፤ ከስሙ ቀጥሎ ግን መጀመሪያ የሚጻፈው የመጨረሻውን መለኪያ የጠጣበት ሰዓት ነው።